ሳይቸግር ጤፍ ብድር

«በሕይወት አንዴ ነው!» ይላል ሙሽራው። ልጅም የሚወለደው አንዴ ነው ወንድሜ! የወተቱን ብር ለዲኮር ከፍለህ ስትጨርስ ምን ልታጠጣው ነው?

«ያለ አዳራሽ የምን ሠርግ?» ይላሉ እናት። አለ እንጂ እትዬ! በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በክብር መዝገብ ሹም ፊት ለሚጋቡ ሰዎች በዋናነት የሚጠይቀው የሁለቱን ነፃ ፈቃድ፣ 18 ዓመት የሞላ ዕድሜና በሙሽራውም በሙሽሪትም በኩል ሁለት ሁለት ምስክር ነው። አዳራሽ አላለም። ሊሞዚን አላለም። መልስና ቅልቅልም የሉበትም። ደስ ካላችሁና አቅሙ ካላችሁ ደግሱ፣ ማን ይከለክላችኋል! «ግዴታ ነው» ብላችሁ ግን አትበደሩ።

«ሰው ምን ይለናል?»

እዚህ ላይ ደረስን! ሰውማ ይላል። ሲያንስ «ንፉግ ናቸው»፣ ሲበዛ «ከየት አመጡት?» ይላል። በልቶ፣ ጠጥቶ፣ አፉን ጠርጎ ይሄዳል። እቁቡን አስቀድመህ አውጥተህ ለድግስ ካዋልከው፣ እስከ መጨረሻው ሳምንት የምትጥለው አንተ ነህ፤ እሱ አይጥልልህም። ከሠርግ ማግስት የሚገባባቸውን ቤቶች አይቻለሁ፦ ስፖንጅ ፍራሹ መሬት ላይ ነው፣ ድስት ከጎረቤት ይዋሳሉ፣ ግድግዳው ላይ ግን ቁመተ ሙሉ የሙሽሮች ፎቶ በወርቃማ ፍሬም ተሰቅሏል። የሙሽራዋ የአንገት ሐብል ኪራይ ነበር፣ ተመልሷል። የሰው ወርቅ አያደምቅ ያሉት አባቶች ይህን አይተው ነው። አልጋው ያስፈልግ ነበር፤ ፍሬሙ አምሮት ነበር። አምሮት ቀደመና የሚያስፈልገው ውጭ ቀረ።

«ታዲያ ድሃ አይደሰት ልትል ነው?» አላልኩም! እንዲያውም ዞር ብዬ የምናገረው ለሌላው ነው፤ «ስኳር ሳይኖራት ቡና ታፈላለች» እያለ ጎረቤቱን ለሚያማው። አንተ ሰው፣ ያ ቡና ባይፈላ የማን ልጅ ታሞ እንደተኛ፣ ማን የቤት ኪራይ ጎድሎት እንደተጨነቀ በምን ይታወቅ ነበር? ሴቶቹ ብድርም ምክርም የሚለዋወጡት ረከቦቱ ዙሪያ ነው። ቡናው ለእሷ የሚያስፈልግ ነገር ነው። በጨውም ቢጠጣ!

«የቅንጦት ዕቃ የትኛው እንደሆነ መንግሥት ዘርዝሮ ነግሮን የለም እንዴ?» ዘርዝሯል። ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ላይ 38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ተከለከሉ፤ ውስኪ፣ ሽቶ፣ ቸኮሌት፣ ማስቲካ፣ ሰው ሠራሽ ፀጉር ከነዚያ ውስጥ ነበሩ። ያ የአገር ዶላር ሒሳብ ነው፤ የቤትህን ሒሳብ አይሠራልህም። ሰው ሠራሽ ፀጉር ለባለሥልጣኑ ቅንጦት ነው፤ ሰፈር ውስጥ ሹሩባ እየሠራች ልጆች ለምታሳድገው ሴት ግን የእንጀራ ገመዷ ነው። ክልከላው ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ተነሣ፤ የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን የተባለውም ያኔውኑ ነው። በመጀመሪያው ቀን ብቻ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ወደ 74 ብር ገደማ ወጣ። እንግዲህ ዝርዝሩም የለም፣ ዋጋውም የቀድሞው አይደለም። ለይቶ መግዛት የየቤታችን ሥራ ሆኗል።

«በምን እንለየው?» ቢቀር ማን ይጎዳል ብለህ ጠይቅ! የእናትህ የስኳር መድኃኒት ቢቀር እናትህ ትታመማለች። የልጅህ ደብተር ቢቀር ልጅህ ከክፍል ይቀራል። አምስተኛው ጫማህ ቢቀር ማን ይታመማል?

«ይሁን፣ አይፎን ግን ለሥራ ያስፈልገኛል» አለ አንዱ ጎረምሳ። የምን ሥራ? «ልፈልግ ነው።» የያዝከው ስልክ ይደውላል፣ ቴሌብር ይልካል፣ የሥራ ማስታወቂያም ያሳያል። «እህቴ ናት የምትልክልኝ፤ ውጭ ላለ ሰው ምኑ ነው?»

ምኑ ነው? ልንገርህ ምኑ እንደሆነ! እህትህ ሪያድ የሰው ቤት ሠራተኛ ናት። እንደሷ ያለች ልጅ በወር የምታገኘው 1,000 ሪያል ገደማ ነው፤ አዲሱ አይፎን ፕሮ ደግሞ እዚያው ሪያድ ከ4,000 ሪያል በላይ ይሸጣል። አራት ወር ሙሉ የሰው ሳህን አጥባ፣ የሰው ልጅ አዝላ፣ ከሌሊቱ ስንት ሰዓት ላይ እንደምትተኛ ሳትነግርህ የምትሠራበት ገንዘብ ነው። «ካሜራው ጥሩ ነው» ትላለህ። ምን ልታነሳበት? እሷ የገዛችልህን ጃኬት? ጥርሷን አሟት ሐኪም ቤት የሚወስዳት አጥታ ይሆናል፤ አልነገረችህም፣ አንተም አልጠየቅካትም።

ዛሬ ማታ ደውልላት። ስልኩ ይቅር፣ ለአንቺ ምን ጎደለሽ በላት። ከምትልከውም ላይ በስሟ ባንክ ማስገባት ጀምር፤ ስትመለስ መቋቋሚያ ያስፈልጋታል።