ይድረስ ለእታለም፦ ስለ ክለቡ ነገር

ገዳሪፍ፣ ኅዳር 2004 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለእታለም፣
ጎንደር።

እናታለምን ጉልበቷ እንዴት ይዟታል? እኛ ከናፍቆታችሁና ከትንኙ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደብዳቤዬን ጎረቤት ሰብስበሽ ጮክ ብለሽ እንደምታነቢው ስለማውቅ፣ አያ ደሴ እዚያ ካሉ ወንበራቸውን ጠጋ ያድርጉ።

ወንድማችን ጋሼ ከአዲስ አበባ የጻፈልኝ ደርሶኛል። ጓደኛው ለገጣፎ «ካንትሪ ክለብ» በሚሉት ሰፈር ቤት ገዝቷል አሉ፤ እሱም በበኩሉ አሮጌው አየር ማረፊያ በኩል ካለው የጎልፍ ክለብ አባል ሊሆን እያሰበ ነው። «ለቤተሰብ በጣም ጥሩ ነው» ይላል። ጎልፍ! ገና ስንጫወት ሩሯን ስቶ የሰው ቁርጭምጭሚት የሚያነክት ጋሼ፣ አሁን ዱላ አስይዘው ሊያስከፍሉት ነው። እሱስ ይሁን፤ ያንገበገበኝ መጨረሻ ላይ «እናንተ በረሃ ስላላችሁ ይኼ አይመለከታችሁም» ብሎ መጨመሩ ነው።

ይመለከተናል በይው። እዚህም ክለብ አለ፤ ናዲ ነው የሚሉት። የሱዳን ሰውና ናዲ አይለያዩም፤ ነጋዴው፣ የቢሮ ሠራተኛው፣ መኮንኑ ሁሉ የየራሱ አለው። ኦምዱርማን ያለው የምሩቃን ናዲ በ1918 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ሲሆን፣ ከ20 ዓመት በኋላ የነፃነት ጥያቄ ያነሣው የምሩቃን ጉባኤ የወጣው ከዚያው ክበብ ነው። ካርቱም የጀልባ ክለቡ ቢሮ «መሊክ» የሚባል የጦር መርከብ ነው፤ በ1898 እ.ኤ.አ. ኪችነር ኦምዱርማንን ሲወጋ የተኮሰ መርከብ። አስቢው፣ ሰው መድፍ ሲጮኽበት በነበረ መርከብ ላይ ቁጭ ብሎ ሻይ ይጠጣል! አዲስ አበባም ቢሆን ጣልያኑ ጁቬንቱስ፣ ግሪኩ ኦሎምፒያኮስ፣ አርመኑ አራራት እያለ የየራሱን ይዟል። የኛ ክለብ እድር ነው፤ እሱ ደግሞ ሰው እስኪሞት ድረስ ወንበር አያወጣም።

ነገሩ እንዲህ ሆነ። ሀጂ፣ አለቃዬ፣ ዘንድሮ የሰሊጡን ሒሳብ አንዲት ቃንጣር ሳትጎድል ስላስረከብሁት ደስ አለውና «አንተማ የቤት ሰው ሆነሃል፤ ሐሙስ ማታ ቤተሰብህን ይዘህ ናዲ ና፣ አባል አስደርግሃለሁ» አለኝ። ዋጋውን ስጠይቀው ወደ ሰማይ አየ። የመግቢያ አለ፣ የዓመት አለ፤ ደግሞ ሐምሌ ላይ ደቡቡ ተገንጥሎ የብር ኖቱ ከተለወጠ ወዲህ ጨምሯል። ባጭሩ ሁለት ቃንጣር ሰሊጥ በይው። በዚህ ምን ይገኛል? ሰፈሩ ሲጨልም የሚነሣ ጄኔሬተር፣ ማራገቢያ፣ ትልቅ ቴሌቪዥን፣ ለልጆች ዥዋዥዌ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሣር። ቢራ የሚባል የለም፤ ኒሜሪ በ1983 እ.ኤ.አ. ሸሪዓ አውጆ መጠጡን ዓባይ ውስጥ ካስደፋው ጀምሮ የናዲ ሰው በሻይ ነው የሚሰክረው።

ሣር ስልሽ ደግሞ እንደ ፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ ያለው ዝም ብሎ የበቀለ አይምሰልሽ። ገዳሪፍ ውኃ የሚያባላ አገር ነው። እኛ ግቢ ሦስት ቤተሰብ ሆነን በርሜል የጫነ የአህያ ጋሪ ጠብቀን ነው የምንገዛው፤ አህያዋ ያኮረፈች ቀን ፊታችንን ሳንታጠብ እንውላለን። እዚያ ግን ሰውየው ጎማውን ሣሩ ላይ ለቆት ይተኛል። ባለቤቴ እንጉዳይ ይኼን ስትሰማ «ሣሩ ከልጆቼ በላይ የሚጠጣበትን ቦታ በዐይኔ ልየው» ብላ ቀሚሷን ተኮሰች። ጀበናዋንም በነጠላ ጠቅልላ ያዘች። «እዚያ ሻይ ቡና አለ» ብላት «የዝንጅብል ወጥ ነው እነሱ የሚያፈሉት» አለችኝ።

ራክሻ የሚሉትን ባጃጅ ይዘን ደረስን። በር ላይ ዘበኛው ትልቅ መዝገብ ዘርግቶ ስም እስከ አራት ጠየቀ። የኔን፣ የአባባን፣ የአያቴን ነገርሁት። «ራቢዕ?» አለ፤ አራተኛው። ጸጥ። ከኋላዬ ነጭ ጀለቢያ የለበሱ ሰዎች ተሰልፈዋል። እንጉዳይ ታውቂያት የለ፤ ይኼን የመሰለ አጋጣሚ አታሳልፍም፣ ወደፊት ወጣችና ከአባቷ ጀምራ ሰባት ቤት ዘረገፈችለት። ዘበኛው ምራቁን እየዋጠ ጻፈ፤ መዝገቡ መስመር አልበቃው ብሎ ወደ ኅዳጉ ወጣ። እኔ በሦስት ስም አጥሩ ሥር ቆሜ ቀረሁ፣ እሷ በሰባት ገባች። ኋላ ሀጂ መጥቶ ነው በዋስ ያስገባኝ።

ገባን ስል ደግሞ «ወንዶች በዚህ፣ ቤተሰብ በዚያ!» ተባለ። መሐል ላይ አጥር የሚያህል ቁጥቋጦ አለ። የቤተሰብ አባልነት ብለው ያስከፍሉሽና ቤተሰቡን በር ላይ ይበትኑታል። እንጉዳይ ልጃችንን አቡሽን አዝላ ወዲያ፣ እኔ ወዲህ። ልጃችን ማሬ ብቻ፣ ዕድሜዋ ገና ስለሆነ፣ በሁለቱ አገር መካከል ፓስፖርት ሳትጠየቅ ትመላለስ ነበር።

እኔን ዶሚኖ ከሚጫወቱ አራት ሽማግሌዎች መሐል አስቀመጡኝ። ድንጋዩን ሲያሳርፉት ጠረጴዛው ይዘላል፤ ስኒ ሁሉ በእጅ ነው የሚያዘው። አንደኛው የክለቡ ሊቀ መንበር ናቸው፣ አንደኛው የመስኖ መሐንዲስ የነበሩ ጡረተኛ። የመግቢያ ፈተናዬ ያው እዚያው ተጀመረ።

«ሂላል ነህ ወይስ መሪኽ?»

ሁለቱ ሂላል፣ ሁለቱ መሪኽ መሆናቸው ገባኝ። ሂላል ደግሞ ባለፈው ወር በአፍሪካ ሻምፒዮኖች ሊግ ግማሽ ፍጻሜ በቱኒዝያው ኤስፔራንስ ተሸንፎ ነበርና ሐዘኑ ገና አልወጣም። አንዱን ብል ግማሽ ኮሚቴ ላጣ ነው። «ፋሲል» አልኋቸው። ተያዩ። አንደኛው «በየትኛው ሊግ ነው?» አሉኝ። ስነግራቸው አራቱም እጄን ይዘው «አላህ ያጽናህ» አሉኝ፣ እውነቴን ነው።

ቀጥሎ መሐንዲሱ ወንበራቸውን ወደኔ አዞሩ። «ግድቡስ? ውኃችንን መቼ ነው የምትዘጉት?» አሉ፣ የቧንቧው መክፈቻ ኪሴ ያለ ይመስል። መጋቢት ላይ መሠረቱ ከተጣለ ወዲህ እዚህ አገር ሐበሻ ሁሉ ሚኒስትር ሆኗል፤ ቲማቲም ልገዛ ብሄድ ባለሱቁ ስለ ግድቡ ያስምለኛል። ጠረጴዛው ዶሚኖውን ትቶ እኔን ያያል። በዚህ መሐል ማሬ እየሮጠች መጣችና ጆሮዬ ላይ «አባዬ፣ ዥዋዥዌው አንድ ገመዱ ተበጥሷል፤ እማዬ ደግሞ ከሰል አግኝታለች» አለችኝ። ከሰል አግኝታለች ሲባል ልቤ ወደቀ።

ቢሆንም መልስ መስጠት ነበረብኝ። «ጌታዬ» አልሁ፣ «ግድቡ ያለው ዓባይ ላይ፣ ጉባ ነው። ገዳሪፍ የሚጠጣው ከሸዋክ፣ ከአትባራ ወንዝ ነው። አትባራ ማለት ደግሞ የኛ ጓንግ ነው፤ ከጭልጋ በኩል ተነሥቶ በመተማ አጠገብ ነው ወደናንተ የሚወርደው። ይኼ ሣርም ሌት ተቀን የሚጠጣው የናቴን አገር ወንዝ ነው። እስከ ዛሬ ሒሳብ ጠይቀናችሁ እናውቃለን?»

ጸጥ አለ፤ ጄኔሬተሩ ብቻ ይንጎራጎራል። በል እንግዲህ አልሁ በሆዴ፣ አጼ ዮሐንስ በ1881 መተማ ላይ ወድቀዋል፣ አንተ ደግሞ በ2004 ገዳሪፍ ዶሚኖ ጠረጴዛ ላይ። ሊቀ መንበሩ ጥርሳቸውን በእንጨት እየፋቁ ብዙ አሰቡና «ስለዚህ» አሉ፣ «ይኼ ሰው ባለ ውኃ ነው፤ እኛ ነን ያልከፈልነው።» ጠረጴዛው በሣቅ ተገለበጠ። መሐንዲሱም ሣቁ፣ ግን ዘግይተው፣ ካርታውን በልባቸው አይተው ከጨረሱ በኋላ።

ይኼኔ ነው ሽታው የመጣው። እታለም፣ ቡና ሲቆላ የሚወጣውን ጭስ እናንተ ለምዳችሁት ዋጋውን አታውቁትም። ከቁጥቋጦው ባሻገር እንጉዳይ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጓዙን ሣሩ ላይ ዘርግታ፣ ዕጣን ጨምራበት ትቆላለች። ዶሚኖው ቆመ። አራቱም አፍንጫቸውን አነሡ። መሐንዲሱ «ሻይዋ ልጅ ዛሬ ምን አግኝታ ነው?» ብለው ተነሥተው ወደ ቁጥቋጦው ሄዱ፤ እኔም ልቀድም ብዬ ተነሣሁ፣ ግን ሀጂ ክንዴን ይዞ ስለ ሰሊጥ ዋጋ ጀመረኝ። ከዚህ በኋላ ያለውን የምነግርሽ ማሬና እዚያው ሻይ የምታፈላው ያርማጭሆ ልጅ የመሰከሩትን ነው።

መሐንዲሱ በቁጥቋጦው ላይ አንገታቸውን አሻግረው «ቢካም?» አሏት። ስኒው ስንት ነው ማለታቸው ነው።

እዚህ አገር ጀበና የያዘች ሐበሻ ሁሉ ሻጭ ናት። ሽያጩ ነውር ሆኖ አይደለም፤ ያርማጭሆዋ ልጅ በዚያች ጀበና ነው እናቷንም ወንድሞቿንም የምታኖረው። ግን እንጉዳይ ጠመኔ ይዛ ስንት ልጅ ያስተማረች ሴት ናት፤ ጎንደር መንገድ ላይ ስታልፍ ሹፌሩም ወታደሩም «ቲቸር» ብሎ ይነሣላታል። ማሬ እንዳለችው ጭልፋዋን አስቀመጠችና ያንን ክፍል የሚያስረጭ ዐይኗን አነሣች። በዚያው በተሰባበረ ዐረብኛዋ ጠየቀቻቸው፦

«የዓመቱ የቤተሰብ አባልነት ስንት ነው?»

ነገሯት።

«እንግዲያው ስኒውም በዚያ ዋጋ ነው» አለች። «በረካውን ግን እመርቅልዎታለሁ።»

ያርማጭሆዋ ልጅ ሣቋን ለመዋጥ ሽርጧን አፏ ውስጥ ከተተች አሉ። መሐንዲሱ እንደ ደረቁ ተመልሰው መጡና ለጠረጴዛው ቃል በቃል ተረኩት፤ ሰውየው ጨዋ ናቸው፣ በራሳቸው ላይ ሲስቁ ያያቸው ሁሉ ወደዳቸው። ሊቀ መንበሩ ዶሚኖውን በእጃቸው ገፍተው «ይኼ የኮሚቴ ጉዳይ ነው» ብለው እዚያው ስብሰባ ከፈቱ። አጀንዳ አንድ፣ ጓንግ። አጀንዳ ሁለት፣ ቡናው። ቶናው እስኪደርስ ድረስ ተከራከሩ። እኔ ተከሳሹም ከሳሹም ሆኜ ቁጭ ብዬ ሰማሁ። ስኒው ግን ለሁሉም በነፃ ደረሳቸው፤ እንጉዳይ ራሷ በማሬ እጅ ላከችላቸው፣ በመጀመሪያ ለመሐንዲሱ።

ወደ ቤት ስንመለስ ራክሻው ውስጥ ዝም አለች። ዝምታዋን የምታውቂው ነው። ትንሽ ቆይታ «ማታውን ሙሉ ሐበሺያ፣ ሐበሺያ አሉኝ» አለች። «ያቺ ሻይዋ ልጅ ብቻ ናት እትዬ ያለችኝ።» እኔም የምመልሰው አጣሁ። ስሜን ሙሉ አድርጎ የጠራኝ ሰው ካየሁ እኔም ቆይቻለሁ፤ ሀጂም ከመካከሉ ቆርጦ ነው የሚጠራኝ። እንዲሁ ዝም ብለን ሄድን። ኋላ አቡሽ ከእንቅልፉ ባንኖ «ጎል!» ብሎ ሲጮኽ ባለራክሻው ደንግጦ አህያ ሊገጭ ነበር፤ እንጉዳይም ቤት እስክንደርስ በሣቅ ፈነዳች።

በሳምንቱ የኮሚቴው ወረቀት መጣ፣ ማኅተም ያለው። እንጉዳይና ልጆቹ በግማሽ ዋጋ አባል ሆነዋል። እኔ አራተኛ ስሜን እስካሟላ ድረስ የባለቤቴ እንግዳ ሆኜ ልገባ ተፈቅዶልኛል። ይኼን ለጋሼ አታንብቢለት።

እንግዲህ ይከፈል አይከፈል ብለን ሦስት ማታ ተሟገትን። እሷ «በዚያ ገንዘብ ትልቅ የውኃ በርሜል ይገዛል፣ ከአህያዋ ኩርፊያ እንገላገላለን» አለች። ልክ ናት። ዥዋዥዌው አንድ ነው፣ እሱም አንካሳ። ሣሩ እርጥብ ስለሆነ የትንኝ መንደር ነው። በሰሊጥ ወቅት እኔ እስከ እኩለ ሌሊት ሚዛን ሥር ነኝ፤ ክረምት ሲሆን ደግሞ በዚያ ዋልካ ጭቃ ማን ይሄዳል? ሒሳቡን ብትሠሪው የሚጠቅመን ከመጋቢት እስከ ሰኔ፣ ሙቀቱ ከ40 ሲያልፍ ብቻ ነው። ናዲ ደግሞ እንደ ሽንኩርት በግማሽ ኪሎ አይሸጥም።

የወሰነልን ሌላ ነገር ነው። ባለፈው ማክሰኞ ከሀጂ መኪና ጋር ወደ ገላባት ስወርድ ዶካ ኬላ ላይ አስቆሙን። የኔን መታወቂያ ወታደሩ ገልብጦ፣ መልሶ ገልብጦ አየው፤ ይኼ ማገላበጥ ምን ማለት እንደሆነ እዚህ የኖረ ያውቀዋል። ሾፌሩ ግን የናዲውን ካርድ ብልጭ ሲያደርግ ወታደሩ መንገዱን ለቀቀ። ማታ ይኼን ለእንጉዳይ ብነግራት ዝም ብላ ቆየችና «እንግዲያው ሣር አይደለም የምንገዛው» አለች። አፈሳ ሲመጣ ፎቶና ማኅተም ያለበት ካርድ የያዘ ሰው ቢያንስ ቁጭ ብሎ ይጠየቃል። የአንድ ዓመቱን ከፈልን። ካርዱ በእሷ ስም ስለሆነ እኔ ከእሷ ኋላ ኋላ ነው የምሄደው፤ ለአያ ደሴ ደስ ይበላቸው።

በርበሬና ሽሮውን በመተማ በኩል ላኪልኝ፤ የሀጂ ሾፌር በየማክሰኞው ድልድዩ ላይ አይጠፋም። ለጋሼ የጎልፍ ክለቡ ሲቀበለው ዱላውን ይዞ ፎቶ ይላክልን፤ እናታለም ቁርጭምጭሚቷን ትሸፍን። ደግሞ ዋናው፣ የአያታችንን አባት ስም ከአያ ደሴ ጠይቀሽ በሾፌሩ በኩል ቶሎ አሳውቂኝ። እሳቸውም ካላስታወሱት የጋሼን ስም አስገባበታለሁ፤ ከድሮም የሁላችን ቅድመ አያት እኔ ነኝ እያለ አይደል የኖረው?

ወንድምሽ፣
የእንጉዳይ እንግዳ