ውሃው የት ገባ?

መኪና ውሃ እያጎደለ ሲያስቸግር ጥያቄው አንድ ነው፤ ውሃው የት ገባ? ይህንኑ ጥያቄ ይዤ ከሳሪስ እስከ ቱሉ ዲምቱ ባለው መንገድ ከጋራዥ ጋራዥ ስንከራተት ከረምኩ። መልስ የሰጠኝ ሁሉ መልሱን የሰጠኝ ኮፈኑን ከመክፈቱ በፊት ነበር።

ኮሮላዬ ዕድሜዋ የገፋ ናት። ዛሬ የተሞላው ውሃ ትንሽ ስትነዳ ይወርዳል፤ ከሥሯ ያለው መሬት ግን ደረቅ ነው። የመጀመሪያው ጋራዥ «ራዲያተር ነው» አለኝ፤ ወርዶ ተበየደ። ሌላው «ክዳኑ ነው» ብሎ አዲስ ክዳን አስገዛኝ። ሌላው ደግሞ «ይጮኻል» ብሎ ቺንጋውን ወጥሮ አሰረው፤ ተርሞስታቱንም አውጥቶ ጣለና «ለአዲስ አበባ አያስፈልግም» አለኝ። ይህቺን አባባል ያልሰማ አሽከርካሪ በከተማችን ያለ አይመስለኝም። ፍጹም ስህተት ነች። ተርሞስታት ውሃው 82 ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ ተዘግቶ ሞተሩ ቶሎ እንዲሞቅ ያደርጋል። እሱ የተጣለበት ሞተር ሳይሞቅ ይሠራል፤ ነዳጅ ይበላል፣ ቶሎም ያረጃል። እሱን መጣል ለሚያፈስ መኪና ደግሞ የሚፈይደው ነገር የለም። ውሃው መውረዱን አላቆመም።

አንድ እሑድ ከቢሾፍቱ በአሮጌው መንገድ ስመለስ ዱከምንና ገላንን በሰላም አለፍኩ። ቃሊቲ ላይ ግን መንገዱ ተዘጋግቶ ጠበቀኝ፤ ከፊቴ ሲኖትራክ፣ ከኋላዬ የነዳጅ ቦቴ። የሙቀት መለኪያው መርፌ ከመሐል ተነሥቶ ወደ ቀዩ ማዝገም ጀመረ። የውስጡን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ከፈትኩና መስኮቶቹን ሁሉ አወረድኩ። ማሞቂያው ከሞተሩ ሙቀት ስለሚቀበል መርፌው ትንሽ መለስ አለልኝ፤ ዳር እስክይዝ አደረሰኝ። ሞተሩን ሳጠፋ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ይወጣ ነበር።

አንድ የታክሲ ረዳት ጀሪካን ውሃና ጨርቅ ይዞ እየሮጠ መጣ። «ጋሼ፣ ቆይ ክዳኑን ልክፈተውና ውሃ እንጨምርበት!» እጁን ያዝኩት። ልጁ ሊረዳኝ ነው የመጣው፤ ግን ፊቱ ሊቃጠል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ከዚያ ወደ ላይ በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ያህል እየቀነሰ ይሄዳል። ባቄላ ደጋ ላይ ቶሎ የማይበስለው ለዚህ ነው። 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ቃሊቲ፣ ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ በ93 ዲግሪ ይፈላል። ጤነኛ ሞተር የሚሠራበት ሙቀት ደግሞ 90 አካባቢ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሦስት ዲግሪ ብቻ ነው! ሞተሩን ከመፍላት የሚጠብቀው የራዲያተሩ ክዳን ነው። የእኔው ላይ 0.9 ተብሎ ተጽፎበታል፤ ይህን ያህል ባር ግፊት አምቆ ይይዝና ውሃው 110 ዲግሪ እስኪያልፍ እንዳይፈላ ያደርገዋል። ክዳኑ በትኩሱ ሲከፈት ግፊቱ በአንድ ጊዜ ይለቀቃል፤ ውሃው በቅጽበት ወደ እንፋሎት ይለወጥና ፊት ላይ ይወጣል። በሌላ በኩል የትም ቦታ ትንሽ ቀዳዳ ካለች ግፊቱ በዚያች ያመልጣል፤ የቀረው ያ የሦስት ዲግሪ ልዩነት ነው። እኛ ከተማ «ትንሽ ነው የሚያንጠባጥበው» ተብሎ መኪና ሊነዳ አይገባም።

ረዳቱ ነው በአቅራቢያው ወዳለ ጋራዥ የጠቆመኝ። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ መካኒክ ናቸው። የደረሰብኝን ሁሉ ስዘረዝርላቸው ዝም ብለው አዳመጡኝና «ልጄ፣ መጀመሪያ ትቀዝቅዝ» አሉ። ጠበቅን። ስትቀዘቅዝ የዘይት መለኪያውን መዘው አዩት፤ ውሃ የገባበት ዘይት ነጣ ብሎ ቡና በወተት ይመስላል፣ የእኔ ግን ንጹሕ ነበር። ውሃ ሞልተው ሞተሩን ሲያስነሱ ራዲያተሩ ውስጥ የሚፍለቀለቅ ነገር የለም፣ ጭስ ማውጫውም ነጭ ጭስ አይተፋም። «ቴስታታው ደህና ነው» አሉ፤ ውሃው ወደ ሞተሩ ውስጥ አልገባም ማለት ነው።

ከዚያ ሞተሩን አጥፍተው ዙሪያውን በጨርቅ አደረቁና ግፊት የሚለካ ሰዓት ያለባት ትንሽ የእጅ ፓምፕ አወጡ። በክዳኑ ቦታ ገጥመው 0.9 እስኪደርስ ነፉት። የሰዓቱ መርፌ ቀስ እያለ መውረድ ጀመረ። የስልክ መብራትና የእጅ መስታወት ይዘው ከዋተር ፓምፑ ሥር ገቡና ጠሩኝ። ፓምፑ ሆድ ላይ የእርሳስ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ አለች፤ ከእሷ ሥር ብረቱ ላይ የደረቀ ነጭ መስመር ወርዷል። ከቀዳዳዋ አንዲት ጠብታ ቀስ ብላ ሞላች፣ ተንጠለጠለች፣ ወረደች።

«ጓርኒሲዮኑ ቢሆን ዳር ዳሩ ነበር የሚረጥበው» አሉኝ። «ከዚህች ቀዳዳ ከወጣ ውስጥ ያለው ማሸጊያ፣ ሲሉ፣ አልቋል። ቀዳዳዋ የተሠራችውም ለዚሁ ነው፤ ውሃው ኩሽኔታው ውስጥ ከሚገባ ወደ ውጪ ይውጣ ተብሎ።» ሞተሩ ሲሠራ ቺንጋው ጠብታውን ይረጨዋል፣ የጋለው ብረት ላይ ያረፈው ይተንናል። መሬቱ ደረቅ የነበረው ለዚህ ነው። ቺንጋውን አውልቀው የፓምፑን ፑሊ ወዲያ ወዲህ ሲነቀንቁት ተላወሰ። «ቺንጋውን ማን ነው እንዲህ የወጠረው? ኩሽኔታውን የገደለው እሱ ነው።»

በማግስቱ ዋተር ፓምፕ ፍለጋ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ሄድኩ። በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተወስኖ የመለዋወጫ ዋጋ ጣራ ነካ። አሮጌ መኪና የያዝን ሰዎች የያዝነውን ከመጠበቅ ሌላ ምርጫ የለንም። ያገለገለ ፓምፕ በግማሽ ዋጋ ተባልኩ፤ ሲሉ ምን ያህል እንደሚቆይ በዓይን አይታወቅምና አዲስ ገዛሁ።

ሥራው ራሱ ረጅም አልነበረም። አሮጌው ጓርኒሲዮን በጥንቃቄ ተፍቆ ወጣ፤ አሉሚኒየም ከተጫረ መልሶ ያፈሳልና። ቡሎኖቹ በተራ ሳይሆን በመስቀለኛ፣ ጥቂት በጥቂት ጠበቁ። ተርሞስታትም ተገዝቶ ገባ። ክዳኑ ክፍት ሆኖ፣ ማሞቂያው ተከፍቶ፣ አየሩ ተንፍሶ እስኪያልቅ ሞተሩ ከቀዝቃዛው ጀምሮ ሠራ። ሲበርድም ያቺ የእጅ ፓምፕ ተመልሳ ተገጠመች፤ የሰዓቱ መርፌ 0.9 ላይ እንደቆመ ቀረ።

የተሞላው ኩላንትና የተጣራ ውሃ እኩል ለእኩል ነው። «ኩላንት በረዶ ለሚጥልበት አገር ነው» የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን ኩላንት ዝገት ይከላከላል፣ የፓምፑን ሲል ያለሰልሳል፣ የመፍያውንም ሙቀት ከፍ ያደርጋል። የቧንቧና የጉድጓድ ውሃ ያዘለው ማዕድን ግን ውስጥ ለውስጥ እየጋገረ ሲሉን ይበላዋል። ሽማግሌው የተረፈውን ኩላንት ቦይ ውስጥ አላስደፉም፤ በጀሪካን አስቀመጡት። ጣዕሙ ይጣፍጣል፣ መርዝ ግን ነው፤ የቃሊቲ ቦይ ደግሞ ወደ አቃቂ ወንዝ ነው የሚሄደው፣ ከብቶች ወደሚጠጡበት።

የጋራዥ ባለቤቶች፣ ያችን ሰዓት ያላት ፓምፕ ግዙ።  አሽከርካሪዎችም፣ ግፊት ሳይሞክር «ራዲያተሩ ይውረድ» ለሚላችሁ ሰው የመኪናችሁን ቁልፍ አትስጡ።