ኪሎ ያለው ሰው

ዓለም አቀፍ የዕቃ አጓጓዥ ድርጅት ሲመረጥ ፈቃዱ ይታያል፣ ኢንሹራንሱ ይጠየቃል፣ ዋጋው ይወዳደራል ይባላል። ቢቸና ላይ ግን አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ «ሰሞኑን የሚሄድ ሰው አለ?» ካለ፣ ድርጅቱ እሱ ነው። ፈቃዱ ቪዛው፣ መጋዘኑ ሻንጣው፣ ኢንሹራንሱ የእናቱ ስለት።

የዲቪ ዕድለኛው ሳያስበው አጓጓዥ ሆኖ ያድራል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ አሜሪካ ለሚሄድ የኢኮኖሚ መንገደኛ ሁለት ሻንጣ ይፈቅዳል፤ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። 46ቱ ኪሎ ግን የልጁ አይደለም። ሽሮው የአክስት፣ በርበሬው የክርስትና እናት፣ ማሩ ሞጣ ያሉት አማት «ትንሽ ናት» ብለው የላኩት ነው። ትንሿ ማር በጀሪካን መጥታለች። ከሞጣ ተነሥታ በቢቸናና በደጀን አልፋ የዓባይን በረሃ በአውቶቡስ ወርዳ ትወጣለች፤ ከዚያ ወዲያ አውሮፕላኑ ምን አላት! ልጁ ጃኬት በጃኬት የደረበውም ብርድ ፈርቶ እንዳይመስላችሁ፤ ለሻንጣው ኪሎ ብሎ ነው።

ሚዛኑ ከእህል ነጋዴ በውሰት ይመጣል። ሻንጣው ሲንጠለጠል 27 ይላል። ሽማግሌ ይቀመጣል። መጀመሪያ ጫማው ይወጣል፣ ቀጥሎ መጽሐፉ። በሶውን ግን ማን ደፍሮ ይነካል? በሶውን የላኩት እትዬ ቆመዋል። ቋንጣ ሥጋ ስለሆነ የአሜሪካ ጉምሩክ ይወስደዋል ቢባሉ፣ «ታዲያ እነሱስ አይቅመሱ?» አሉ።

በኮንቴይነር አሽገው በጅቡቲ ወደብ የሚልኩ ድርጅቶችማ አዲስ አበባ ሞልተዋል። ሶፋና ፒያኖ ላለው ዲፕሎማት ይመቻሉ። እትዬ ግን ገና ዋጋ ሳይጠይቁ አንድ ነገር ያጣሩ ነበር፦ «የማን ልጆች ናቸው?»