የአንድ ወር ዘበኛ

ዓይኑን ከገለጠ ገና ሁለት ሳምንት ያለፈው፣ ትናንት ማታ የእናቱን ጡት ይዞ ያንቀላፋ ፍጡር ዛሬ ማታ የግቢ ጥበቃ ሆኖ ይመደባል። ተያዥ አይጠየቅም፣ የሥራ ልምድ አይጠየቅም፣ ደመወዙም የምሳ ትራፊ ነው። የቀን ሠራተኛ እንኳ ሲቀጠር አቅሙ ይታያል። በአዲስ አበባ የቆርቆሮ አጥር ሥር ግን ቡችላ በተወለደ በወሩ ሙሉ ኃላፊነት ይረከባል። ለታዳጊዎች ዕድል በመስጠት ረገድ የሚስተካከለን የለም።

ምርጫው በጥንቃቄ ይካሄዳል። አደባባይ ዳር የቆመው ሻጭ ከጃኬቱ ውስጥ ያወጣውን ቡችላ ማጅራቱን ይዞ አንጠልጥሎ ያሳያል። ካለቀሰ ፈሪ ነው፤ ዝም ካለ ጀግና። ከዚያ አፉ ተፈልቅቆ ላንቃው ይታያል፤ ጥቁር ከሆነ ዋጋው ይጨምራል። እናቱ ምንጊዜም «ጀርመን» ናት፤ አባቱ ደግሞ የአንድ ኤምባሲ ውሻ ነው። የኤምባሲ ውሾች በዚህች ከተማ ያፈሩት ዘር ሲታሰብ የዲፕሎማሲ ግንኙነታችን የጠበቀ መሆኑን መጠራጠር አይቻልም። ዕድሜው ሲጠየቅ «ሁለት ወር አልፎታል» ይባላል። የሚንቀጠቀጠውም ከደስታ ነው።

የመጀመሪያው ቀን አቀባበል ሞቅ ያለ ነው። ልጆች እየተቀባበሉ ሲያቅፉት፣ ስም ሲያወጡለትና ሲያነሡት ሲጥሉት ይመሻል፤ ሮኪ ይሁን ነብሮ በሚለው ላይ ክርክር ይደረጋል። ማታ በሳህን ሙሉ የላም ወተት ይቀርብለታል፤ ሆዱ እስኪወጠር ይጠጣል። ይህን ያህል የላም ወተት የቡችላን አንጀት እንደሚያውክና ሌሊቱን እንደሚያስቀምጠው የሚነግራቸው የለም፤ ቢነገራቸውስ? የሚያስቀምጠው ደጅ ነው። ዜና ሲያልቅ ቤተሰቡ ወደ መኝታው፣ ቡችላው ወደ ሥራው ይሄዳል።

የሥራ ቦታው በሩ አጠገብ ያለች የቆርቆሮ ቤት ናት። ሰንሰለቱን የወረሰው ከእሱ በፊት ከነበረው ውሻ ስለሆነ ክብደቱ ከራሱ ከቡችላው ብዙም አይተናነስም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ፣ ቆርቆሮ ብርዱን ከውጭ ተቀብሎ ሳያጓድል ወደ ውስጥ ያስረክባል። ባለቤቱ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቦ ከተጋደመ በኋላ የሙቀቱን ጉዳይ በሁለት ቃል ይዘጋዋል፦ «ፀጉር አለው።»

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ልቅሶው ይጀመራል። ቡችላ ብቻውን ሲቀር የሚያለቅሰው እናቱ ድምፁን ተከትላ እንድታገኘው ነው፤ እስከ ትናንት ድረስ ከወንድም እህቶቹ ጋር ተደራርቦ፣ በእነሱ ሙቀት እየሞቀ ያደረ እንስሳ ነው። ሽንቱም አለ። የሁለት ወር ቡችላ እንኳ ቢይዘው ቢይዘው ሦስት ሰዓት ያህል ነው፤ የአንድ ወሩ ያን ያህልም አይችልም። ከእንጦጦ በኩል ጅብ ሲጮህ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። ጅብ የውሻ ሥጋ እንደሚወድ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ ለአዲሱ ተቀጣሪ የታሰበለት መከላከያ ግን ያቺ የታሰረባት አንድ ሜትር ሰንሰለት ናት።

ባለቤቱ ከአልጋው ሳይወርድ ምርመራውን ያጠናቅቃል፦ ጥጋብ ነው። ሕክምናውም በቅደም ተከተል ይሰጣል። መጀመሪያ በመስኮት «ዝም በል!» ይባላል፤ ቡችላው አማርኛ ገና ስላልጀመረ አይሰማም። ቀጥሎ ነጠላ ጫማ ይወረወራል። ያም ካልሠራ አንድ ጆግ ውኃ ይደፋበታል፤ ብርድ ላይ የነበረው ብርድና እርጥበት ላይ ሲሆን ነገሩን በሰከነ መንፈስ እንዲያስብበት ይረዳዋል ተብሎ ይታመናል።

እዚህ ላይ መታወቅ ያለበት፣ የሌሊቱ ድምፅ እኩል እንደማይከፋፈል ነው። ውሳኔውን የሰጠው ሰው የሚተኛው ከጓሮ በኩል፣ መስኮቱን ዘግቶ ነው። ከቆርቆሮዋ ቤት በአንድ ግድግዳ የምትለየው ሰርቪስ ቤት ውስጥ የምታድረው ተከራይ ናት፤ ወይም ደግሞ ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነሥታ የተቀመጠውን የምታጥበው የቤት ሠራተኛ። «ጋሼ፣ ትንሹ ውሻ ሌሊቱን ሙሉ እኮ...» ስትል ተከራይዋ፣ መልሱ ተዘጋጅቶ ይጠብቃታል፦ «ይለምዳል የኔ ልጅ፣ በሦስተኛው ቀን ይለምዳል።»

ደግሞም ይለምዳል! የዚህ ዘዴ ተቃዋሚዎች አፋቸውን የሚይዙት እዚህ ላይ ነው። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሌሊት ግቢው ጸጥ ይላል። ቡችላው ብርዱን ስለወደደው አይደለም፤ ቢያለቅስ ማንም እንደማይመጣ፣ የሚመጣ ነገር ካለም ጫማ ወይም ውኃ እንደሆነ አውቆ ነው። ባለቤቱ ጠዋት በኩራት ያወራል፤ ጎረቤትም ዘዴውን ለሚቀጥለው ቡችላው ይይዘዋል።

እኔ ከሁሉ በላይ የማደንቀው የሥልጠናውን ጥልቀት ነው። ይህ ፍጡር የተገዛው ሌሊት እንዲጮህ ነው። ሌላ ሙያ አልተጠየቀም። ታዲያ በሥራው የመጀመሪያ ሳምንት ያስተማርነው ብቸኛ ትምህርት ምንድን ነው? ሌሊት አትጩህ። ጨለማ ውስጥ አንድ ነገር ቢያስፈራህ ድምፅ አታሰማ፤ ካሰማህ ትመታለህ። ትምህርቱን በቆርቆሮ፣ በብርድና በነጠላ ጫማ ደጋግመን ካሰረጽንበት በኋላ፣ ዓመት ሳይሞላው ሌባ አጥር ዘሎ የመኪናውን መስታወት ነቅሎ ሲሄድ፣ ጠዋት ሰንሰለቱ አጠገብ ቆመን በመገረም እንጠይቃለን፦ «ምን ሆኖ ነው ያልጮኸው?» ከዚህ የበለጠ ታዛዥ ተማሪ ከየት ይመጣል?

«ኃይለኛ ይሁን ብለን ነው» የሚሉ አሉ። የኃይለኛነት ቀመራችን እንዲህ ነው፦ ቀን ሰው አያይም፣ እንግዳ ሲመጣ ይሸሸጋል፣ ምግቡ ውስጥ አልፎ አልፎ ሚጥሚጣ ይነሰነሳል። ይህ ቀመር ምን እንደሚያመርት ለማወቅ አሜሪካኖች ብዙ ደክመዋል። ሜይን በተባለው ግዛት፣ ባር ሃርበር በሚገኘው የጃክሰን ላቦራቶሪ፣ ፍሪድማን፣ ኪንግ እና ኤሊየት የተባሉ ተመራማሪዎች ቡችሎችን በታጠረ መስክ ላይ ከሰው ለይተው አሳደጉ፤ ውጤቱንም በ1961 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። እስከ 14 ሳምንታቸው ከሰው ያልተገናኙት ቡችሎች ሰው ሲቀርባቸው እንደ ዱር አውሬ የሚሸሹ ሆኑ። እዚያው ላቦራቶሪ ለዓመታት የሠሩት ስኮትና ፉለር በ1965 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ውሻ ከሰውና ከሌላው ፍጡር ጋር የሚላመድበት ዋናው ጊዜ ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት መሆኑን ጻፉ። እነሱ መስክ አጥረው፣ ገንዘብ አፍስሰው የደረሱበትን እኛ በአንድ ሰንሰለት በነፃ እንደርስበታለን፤ ያውም በዚያችው ጊዜ፣ አንዲት ሳምንት ሳናባክን።

የምናገኘው ኃይለኛ ውሻ ሳይሆን ፈሪ ውሻ ነው። ፈሪ ውሻ ደግሞ ይነክሳል፤ ችግሩ የሚነክሰው ማንን እንደሆነ ነው። የሚነክሰው ኳስ ሊያነሣ የጎነበሰውን የጎረቤት ልጅ፣ ቆጣሪ ሊያነብ የገባውን ሠራተኛ፣ ለቅሶ ሊደርሱ የመጡትን እማማ ነው። ሌባውማ አጥንት ይዞ ነው የሚመጣው። የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ የሚሰጠው በሦስት ወሩ ገደማ ነው፤ ግን በር ላይ ለታሰረ ውሻ ክትባት ማን ያስታውሳል? ያ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ አንዴ ከታየ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። ይህን በሽሙጥ የምናልፈው አይደለምና እንለፈው።

ጣሊያኖችም በ2011 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ ነገር ነካክተዋል። ከእናታቸው በ30 እና በ40 ቀን መካከል የተለዩ ውሾችን፣ በሁለት ወራቸው ከተለዩት ጋር አነጻጸሩ። ቀድመው የተለዩት ሲያድጉ በብዛት ያለምክንያት የሚጮኹ፣ ውጭ ሲወጡ የሚፈሩ፣ ዕቃ የሚያበላሹ ሆነው ተገኙ። ቡችላ ጥርሱን ምን ያህል ማጥበቅ እንዳለበት የሚማረው ከወንድም እህቶቹ ጋር ሲላፋ ነው፤ አንዱ ሌላውን አጥብቆ ሲነክሰው የተነከሰው ይጮሃል፣ ጨዋታው ይቋረጣል። እኛ ይህን ትምህርት ቤት በወሩ እናስለቅቀዋለን፤ ከዚያ የልጃችንን እጅ አጥብቆ ሲነክስ «ዘሩ ነው» እንላለን። ለካ ያ የኤምባሲው አባቱ ነው ጥፋተኛው!

ይህን ሁሉ ጥበብ ንቀው የተገላቢጦሹን የሚያደርጉ ልፍስፍሶች ግን በመካከላችን አሉ። ስምንት ሳምንት እስኪሞላው ይታገሣሉ። ሲወስዱትም እናቱ የተኛችበትን ቁራጭ ጨርቅ ለምነው ይወስዳሉ፣ ሽታዋን እያሸተተ ይተኛ ብለው። የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ካርቶን አልጋቸው አጠገብ ያኖሩለታል፤ በፕላስቲክ ጠርሙስ ለብ ያለ ውኃ ሞልተው፣ በፎጣ ጠቅልለው ጎኑ ያስቀምጡለታል። እራቱን በጊዜ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ይሰጡታል፤ ከመተኛቱ በፊት ደጅ ያወጡታል። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ሲቁነጠነጥ ደግሞ፣ ማፈሪያ ነው፣ በገዛ እግራቸው ተነሥተው ያሸኑታል! መብራት አያበሩም፣ አያጫውቱትም፣ አይቆጡትም፤ ሲጨርስ መልሰው ያስተኙታል። ካርቶኑን በየጥቂት ቀኑ ወደ በር፣ ከዚያ ወደ በረንዳ እያስጠጉ ይሄዳሉ። አራት ወር ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ ሳይነሣ ያነጋል። ሲጮህም ምክንያት አለው ማለት ነውና ሰው ይነሣል፤ እሱም መጮህ ዋጋ እንዳለው ያውቃል።

«ውሻ እቤት ውስጥ? ይሸታል!» ይባላል። ልክ ነው፣ ይሸታል። የፋሲካው በግ ግን ሌባ እንዳይወስደው ኩሽና ውስጥ፣ አንዳንዱ ቤትም ሳሎን ደጃፍ ታስሮ ሦስት ሌሊት ሲያድር፣ ሽታው ከሽቶ ተቆጥሮለት ነው። በግ ይጠበቃል፤ ውሻ ይጠብቃል። በግን ማን ይጠብቀው ሲባል ያ ደጅ የሚንቀጠቀጠው ይጠቆማል። «ሰው ምን ይላል?» የሚለው ሥጋትም አለ። ቡችላውን ካርቶን ውስጥ ባስተኛ ሰው ሲስቅ የሚያድረው ሰፈር፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ ለሚሰማው ቡችላ ሲል አንድም ቀን በር አንኳኩቶ አያውቅም፤ ተከራይዋ ብቻ ናት የሞከረችው፣ እሷም ኪራይ እንዳይጨመርባት ዝም ብላለች።

ደግነቱ ቴክኖሎጂ መጥቷል። መስታወቱ የተሰረቀበት ባለግቢ «ውሻ ድሮ ቀረ» ብሎ ከበሩ በላይ ካሜራ አስገጠመ። ገጣሚው ሥራውን ሲጨርስ አንድ ማሳሰቢያ ሰጠው፦ ዕቃው ብርድና ዝናብ ካገኘው ይበላሻል፣ በመጀመሪያው ሌሊት እንኳ እንዲሁ መተው የለበትም። ባለቤቱ አልተከራከረም። ፀጉር አለው ወይ ብሎም አልጠየቀም። ከምሽቱ በፊት አናጺ ጠርቶ፣ ከውስጥ ስፖንጅ የተለበጠ፣ ልከኛ ጣሪያ ያለው ቤት አሠራለት።