180 ኩንታል ለውዝ

የአሜሪካ ድራማ የሚሞተው በግንቦት ነው። በዚያ ወር ትልልቆቹ ጣቢያዎች ማስታወቂያ አስነጋሪዎቻቸውን ኒው ዮርክ ላይ ሰብስበው የመጪውን ዓመት ፕሮግራም ያስተዋውቃሉ። ከዝርዝሩ ስሙ ያልተጠራ ድራማ በቃ፣ አበቃለት። ቀብር የለ፣ ሰልስት የለ። ሐዘንተኛ ግን አለ። እንደ ማንኛውም ሐዘንተኛ መጀመሪያ “አልሞተም” ይላል፤ ሲረጋገጥበት ደግሞ “ሌላ ጣቢያ ይወስደዋል” ይላል። እኔ ቤት የነበረው ሐዘንተኛ የአክስቴ ልጅ ነው።

ጊዜው እ.ኤ.አ. 2007 ነው፤ ቨርጂኒያ አብረን እንኖር ነበር። እሱ ታክሲ ይነዳል። ረቡዕ ማታ ግን ፕሬዚዳንቱ ራሱ ቢጠራው ታክሲዋ ንቅንቅ አትልም፤ “ጄሪኮ” አለ። ሲቢኤስ የሚያሳየው ድራማ ነው። 23 የአሜሪካ ከተሞች በኑክሌር ቦምብ ይወድማሉ፤ ካንሳስ ውስጥ ያለች ጄሪኮ የምትባል ትንሽ ከተማ መብራት፣ ስልክ፣ ነዳጅና ወሬ ተቋርጦባት ብቻዋን ትቀራለች። ከዚያ በኋላ እንዴት ይኖራል? ነገሩ ይኸው ነው።

እናቴ እህቴን ልታርስ የመጣችው በዚያው ሰሞን ነበር። ስሙን ስትሰማ “ኢያሪኮ! ቅጥሯ የፈረሰው?” ብላ ተቀመጠች፤ ከዚያ ወዲያ የሚያስነሳት አልተገኘም። እንግሊዝኛ አትሰማም፤ ታሪኩ ግን ከእኔ ቀድሞ ይገባታል። ጄሪኮ የጨው ማዕድን አላት። ጎረቤቷ ኒው በርን በነፋስ የሚዞር የመብራት ማመንጫ ትሠራለች። ጨውና የሰው ጉልበት ሰጥተው ማመንጫ ሊቀበሉ ተዋዋሉ፤ ውሉ ፈረሰና ጦርነት ሆነ። “አሞሌውን ማን አስቀድማችሁ ስጡ አላችሁ!” እያለች ቴሌቪዥኑን ትቆጣዋለች።

ድራማውን የገደለው አንድም ዕረፍት፣ አንድም ዘፈን ነው። ኅዳር ላይ አቋርጠውት የካቲት ሲመልሱት፣ በዚያው ሰዓት በሌላው ጣቢያ “አሜሪካን አይዶል” እየተዘፈነ ነበር። ተመልካቹ ወደ ዘፈኑ ነጎደ። መንጎዱ የታወቀው ደግሞ በቆጠራ ነው። ኒልሰን የሚባል ድርጅት አለ፤ በመረጣቸው ቤቶች ቴሌቪዥን ላይ መቁጠሪያ ሳጥን ይገጥማል። ያኔ ሳጥን የሌለው ቤት ቢያይም አላየም፣ ቢያለቅስም አላለቀሰም። እኛ ሳጥን የለንም። ይህ አልበቃ ብሎ፣ አስተዋዋቂው ከሁሉ አብልጦ የሚፈልገው ከ18 እስከ 49 ዓመት ያለውን ተመልካች ነው። ይህን ለእናቴ ማስረዳት የወደቀው በእኔ ላይ ነው።

“እና እኔስ?” አለች።

“አንቺማ ሳጥኑ ቢኖርም ብዙም አትፈለጊ።”

“ይሻለኛል። ዳዊት ሕዝቡን ቢያስቆጥር መቅሰፍት ነው የወረደበት። እነዚህም ቆጠሩ፤ ይኸው ሬሳ ታቀፉ።”

ስለ ተመልካች ልኬት ብዙ የባለሙያ ትንታኔ አንብቤያለሁ፤ ከዚህ የተሻለ አልገጠመኝም።

22ኛውና የዚያ ሲዝን የመጨረሻ ክፍል ላይ ኒው በርኖች ጄሪኮን ከበው “እጅ ስጡ” ይላሉ። ዋናው ልጅ ጄክ “ለውዝ!” ብሎ ይመልስላቸዋል። ከአያቱ የሰማው ታሪክ ነው፦ በታኅሣሥ 1944 ባስቶኝ ላይ ጀርመኖች አሜሪካኖቹን ከበው እጅ ስጡ ሲሉ፣ ጄኔራል ማኮሊፍ የላከላቸው መልስ ያችው አንዲት ቃል ነበረች። “ወግዱልኝ” እንደ ማለት ያለች የወታደር ስድብ ናት። ልክ በሳምንቱ ሲቢኤስ ድራማውን ሰረዘ። አድናቂዎቹም የጄኔራሉን መልስ ለጣቢያው በፖስታ ላኩ፤ ቃሉን አይደለም፣ እህሉን።

እውነተኛ ለውዝ። ኒው ጀርሲ ያለ አንድ የለውዝ ሱቅ በኢንተርኔት ትእዛዝ እየተቀበለ በጭነት ይልክ ጀመር። ሲደመር ከ40 ሺህ ፓውንድ በላይ ሆነ፤ በእኛ ልኬት 180 ኩንታል ነው! አንድ ጥሩ ገበሬ አዝመራው ሰምሮለት ስንት ዓመት ይፈጅበታል? ከሽያጩ ገንዘብም ከፊሉ፣ በዚያው ግንቦት ዐውሎ ነፋስ ላወደማት ለእውነተኛዪቱ የካንሳስ ከተማ ለግሪንስበርግ መርጃ ዋለ።

የአክስቴ ልጅ የራሱን ድርሻ ገዝቶ ሲያሽግ እናቴ ደረሰችበት።

“ጥሬውን ነው የምትልከው?”

“እቴቴ፣ ለተቃውሞ እኮ ነው።”

“ለተቃውሞስ ቢሆን! ሰው እየለመኑ ጥሬ ይላካል? ቆላ አድርገው!”

ተቆላ። እሷ ደግሞ ከአዲስ አበባ ያመጣችውን ቆሎ፣ ሱፉም ገብሱም ያለበትን፣ ጨመረችበት፤ ለውዝ ብቻውን ጥርስ ያሰለቻል ብላ። እንግዲህ ሲቢኤስ ደጃፍ ከተራገፈው ክምር ውስጥ ጥቂቱ የሸዋ ገብስ ነው። ማኅተሙን ከፍቶ ገብሱን ያየው ሠራተኛ ምን ዓይነት ዛቻ ነው ብሎ እንደ ተረጎመው ሳስብ እስከ ዛሬ ያስቀኛል።

ወር ሳይሞላ ጣቢያው እጅ ሰጠ። በነፍስ ወከፍ ያልቆጠረንን በሚዛን ቆጠረን። የመዝናኛ ክፍሉ ኃላፊ ኒና ታስለር ለአድናቂዎች ደብዳቤ ጽፋ 7 ክፍል እንደሚሠራ አበሰረች፤ እንዲቆይ ግን ብዙ ተመልካች ይዛችሁ ኑ አለች። ከፊርማዋ በታች ደግሞ፣ እባካችሁ ለውዙን መላክ አቁሙ። እናቴ ይህ ሲተረጎምላት ቅር አላት። ቆሎውን ስለ መቅመሳቸው አንድ ቃል የለበትማ።

ሰባቱ ክፍሎች በ2008 ታዩና ድራማው ዳግመኛ ሞተ። ሠሪዎቹ አስቀድመው ሁለት መጨረሻ ቀርጸው ነበር፤ አንዱ ለሚኖር ድራማ፣ አንዱ ለሚሞት። የታየን የሚሞተው ነው። የአክስቴ ልጅ ይህን ሲሰማ “የሚኖረው ካሴት አለ ማለት ነው!” ብሎ እንደ ገና ተስፋ ማድረግ ጀመረ። የኬብል ጣቢያዎችን ስም እንደ ውዳሴ ማርያም ይደግማል፦ ይሄኛው ይወስደዋል፣ ያኛው እየተነጋገረ ነው። የወሰደው ግን የኮሚክ አሳታሚ ነው፤ ሦስተኛው ሲዝን በሥዕል መጽሐፍ ወጣ። መቼም አዲስ ቤት ተመኘን እንጂ ስንት ክፍል ያለው አላልንም። እናቴ አዲስ አበባ ሆና በስልክ ንገሩኝ ትላለች፤ እሱ ገጹን እየገለጠ ይተርክላታል።

“አሁን ምን አለ?”

“ምንም አላለም እቴቴ፣ ሄሊኮፕተር ነው።”

“ከሄሊኮፕተሩ ቀጥሎስ?”

“ሌላ ሄሊኮፕተር።”

ነገሩ በዚሁ ይረሳ ነበር፤ “ኤክስፓንስ” ባይመጣ። ያን የጠፈር ድራማ ሳይፋይ የተባለው ጣቢያ በግንቦት 2018 ጣለው። አድናቂዎቹ ገንዘብ አዋጥተው፣ አውሮፕላን ተከራይተው “ኤክስፓንስን አድኑ” የሚል ጨርቅ ሳንታ ሞኒካ ላይ በአማዞን ስቱዲዮ አናት አስጎተቱ። ወሩ ሳያልቅ ጄፍ ቤዞስ ሎስ አንጀለስ ውስጥ በአንድ የጠፈር ጉባኤ ላይ ተነሥቶ “ድኗል” አለ። ሰውዬው ራሱ የድራማው ወዳጅ ነበር። ሦስት ሲዝን ተጨመረ። የእኛ 180 ኩንታል ያስገኘው ሰባት ክፍል ነው! እኔ ከዚህ የተረዳሁት ለውዝም ሆነ አውሮፕላን ብልሃቱ አለመሆኑን ነው፤ ከአድናቂዎቹ መካከል አንድ ቢሊየነር መገኘት አለበት፣ አለቀ። “ቬሮኒካ ማርስ” የተባለውን ድራማ የሚወዱት ቢሊየነር አጥተው በ2013 ከ91 ሺህ በላይ ሰዎች ሆነው 5.7 ሚሊዮን ዶላር አዋጥተዋል፤ ያገኙት አንድ ፊልም ነው።

የአክስቴ ልጅ ግን ከእኔ ቀድሞ ሥራ ጀምሯል። ከዚያ ግንቦት ወዲህ ሱፍ ለብሶ ታክሲው ውስጥ የገባን ሰው ሁሉ በመስታወት እያየ “ጄሪኮ የሚባል ድራማ አይተው ያውቃሉ?” ይላል። አብዛኛው ስልኩን ያነሣል። አንድ ቀን ወደ ደለስ አየር ማረፊያ ሲሄድ አንድ ሽማግሌ ሰው ከኋላ ወንበር ብድግ አለ።

“ጄሪኮ! እንዴት ያለ ድራማ ነበር! ባለቤቴም ትወደው ነበር።”

የአክስቴ ልጅ እጁ መሪው ላይ ተንቀጠቀጠ። ሰዓቱን አየ፤ ወርቅ ነው። ጫማውን አየ።

“ሁሉንም አይተውታል?”

“እስከ ኅዳሩ ዕረፍት አንድም አላመለጠን። ከዚያ አይዶል ጀመረ።”

“አንተ ነህ ለካ!” አለው፣ በአማርኛ።