አገርሽ ወዴት ነው?

ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ቤት የሚገዛ አበሻ ጣሪያውን፣ ማሞቂያውን፣ ቤዝመንቱን ሳይቀር ያስመረምራል፤ ዋጋውንም ተከራክሮ ያስቀንሳል። ከቤቱ ጋር አብሮ ስለሚረከበው የአበባ መደብ ግን ትንፍሽ አይልም። ጥያቄው የሚመጣው መጋቢት ገብቶ ቀያይ ጫፎች አፈሩን ሰንጥቀው ብቅ ሲሉ ነው፦ "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ይበላል?"

አይበላም፤ ለአጋዘን ካልሆነ በቀር። ሆስታ የተባለውን ሰፋፊ ቅጠል አጋዘኖች ሌሊት ገብተው አገዳውን ብቻ አስቀርተው ይሄዳሉ። ጠዋት አባወራው ጎረቤቱን በክፉ ዓይን ያየዋል።

‹ፔረኒያል› የሚባሉት አበቦች ብርዱ ሲመጣ ከላይ ይደርቃሉ፤ ሥራቸው ግን ከርሞ በጸደይ እንደገና ያቆጠቁጣል። ይህን ያልሰማ ጥር ላይ "ሞተዋል" ብሎ ይነቅላቸዋል። የሰማው ደግሞ ያዝንላቸዋል፤ ማዘኑም የራሱ ጣጣ አለው። የዋሁ አባወራ ፒዮኒ የምትባለውን አበባ እንዳይበርዳት ብሎ ጠለቅ አድርጎ ይቀብራታል። እሷ ግን ለማበብ ብርዱን ትፈልገዋለች፤ የሥሯ እምቡጥ ከአምስት ሴንቲ ሜትር በላይ ከተቀበረ በየዓመቱ ቅጠል ብቻ እያሳየች ታኮርፋለች። ኩርፊያዋ ቶሎ የሚያልፍ አይደለም፤ ሃምሳ ዓመት መኖር ትችላለች፤ ከባለቤቷ ግሪን ካርድ በዕድሜ የምትበልጥ ሞልታለች።

በወጉ የተተከለችው ግንቦት ላይ ስትደርስ እምቡጧን ጉንዳን ይወረዋል። ሰውየው መርዝ ፍለጋ ይሮጣል። ጉንዳኑ ግን እምቡጡ የሚያመነጨውን ጣፋጭ ፈሳሽ ሊልስ እንጂ ሊጎዳት አልመጣም።

ትውውቁ የሚሰምረው ዘር ሲቆጠር ነው። አበሻ ሰው ሲተዋወቅ አገሩንና ወገኑን እንደሚያጣራ ሁሉ፣ አበባንም እንዲያ ካላደረገ አይላመድም። ለዚህ ዊተን ያለው ብሩክሳይድ ጋርደንስና አሌክሳንድሪያ ያለው ግሪን ስፕሪንግ ጋርደንስ ያግዛሉ፤ ሁለቱም መግቢያ አያስከፍሉም። ችግኝ መሸጫም ቢሆን ዘመድ አይጠፋም። ‹ሬድ ሆት ፖከር› የሚል ወረቀት የተሰካባትን፣ በረጅም አገዳ ላይ ቀይና ቢጫ የደረበችውን አበባ ያየች እማወራ "ውይ፣ አሽንዳ!" ብላ ትጮኻለች። አልተሳሳተችም። ገበያ ላይ ያለችው በአብዛኛው የደቡብ አፍሪካ ዘር ትሁን እንጂ፣ በሰሜንና በባሌ ተራሮች ከምትበቅለው አሽንዳ ጋር ወገን ናት።

የሁሉም ንግሥት ግን ብላክ አይድ ሱዛን ናት፤ የአበባዋ ቅጠል ቢጫ፣ መሐሏ ጥቁር ቡናማ። ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. በ1918 የግዛቷ አበባ አድርጋ መርጣታለች። ከአደይ አበባ ጋር ሁለቱም የሱፍ ቤተሰብ ናቸው። ከሐምሌ ጀምራ ስለምትፈካ ለእንቁጣጣሽ ትደርሳለች፤ ልጆች ቆርጠው ይዘው ሲመጡ አያት መሐሏን አይተው "ምነው ጠቆረች?" ከማለት በቀር ቅሬታ የላቸውም።

ወሰን ተሻግራ አሌክሳንድሪያ የምትኖረው እህት ግን አትሸነፍም። ቨርጂኒያም በዚያው በ1918 ዶግውድን መርጣለች፤ "የእናንተ ሣር፣ የኛ ዛፍ" ትላለች።

"የናንተ ሚያዝያ ላይ አብቦ አለቀ" ይላታል አማቿ። "ለእንቁጣጣሽ ግንድ ልትይዢ ነው?"

"ለእሱማ መጥቻለሁ" ብላ አካፋውን አነሳች፤ ከሱዛን ሥር እኩሌታውን ገምሳ በፌስታል ቋጠረች።