በተከፈተ ኮፈን ዙሪያ ስለሚቆመው ጉባኤ፦ የአሮጌ ሃይሉክስ ባለቤትነት ጥናት

የጥናቱ ዳራ

ቶዮታ ሃይሉክስ ለመጀመሪያ ጊዜ ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1968 ጃፓን ውስጥ ነው። ይህ ጥናት የሚመለከተው ግን በ1980ዎቹ የተሠራውን፣ 2.4 ሊትር የናፍጣ ሞተር ያለውን፣ የኋላው በባሌስትራ ላይ ያረፈውንና ዛሬም አዲስ አበባ ውስጥ እየተገፋም ቢሆን የሚነሳውን ፒክአፕ ነው። ስለ መኪናው ጥንካሬ ብዙ ተብሏል። መኪናው የማን እንደሆነ ግን በቅጡ አልተመረመረም። ሊብሬው ላይ የአንድ ሰው ስም ሰፍሯል፤ ኮፈኑ ሲከፈት የሚታየው ማስረጃ ከሊብሬው ጋር አይጣጣምም።

ቀደምት ሙከራዎች

እ.ኤ.አ. በ2003 የቢቢሲው «ቶፕ ጊር» ፕሮግራም አንድ የ1988 ሃይሉክስ ባሕር ውስጥ ነከረ፣ እሳት ለቀቀበት፣ በመጨረሻም ሊፈርስ በተዘጋጀ ሕንፃ አናት ላይ አውጥቶ ከሕንፃው ጋር አወረደው። መኪናው መለዋወጫ ሳይገዛለት ተነሳ። ሙከራው ቢደነቅም የዘዴ ጉድለት አለበት፦ መኪናው አንድም ቀን ለእድር አልተዋሰም። አንድ ቶን ገደማ እንዲጭን የተሠራ መኪና የድንኳን ብረት፣ አግዳሚ ወንበርና ብረት ድስት ተሸክሞ፣ በላዩ ላይ «እግረ መንገዴን» ያሉትን ሁሉ ጨምሮ ኮረኮንች ሲወጣ ሳይታይ ስለ ጥንካሬው መደምደም ችኮላ ነው።

የጥናቱ ዘዴ

አጥኚው መንገድ ዳር ቆሞ ኮፈን መክፈት ብቻ ነበረበት። ናሙና መምረጥ አላስፈለገም፤ ናሙናው በእግሩ መጣ። መጠይቅም አልተዘጋጀም፤ ተጠኚዎቹ ሳይጠየቁ መለሱ።

ግኝት አንድ፦ የጉባኤው አባላት

ሰሚው። ጆሮውን ወደ ሞተሩ አስጠግቶ ዓይኑን ይጨፍናል፤ እጁን ሲያነሳ ሁሉም ጸጥ ይላል። «ጋሼ፣ ስጡት!» ይላል፤ ባለመኪናው ነዳጅ ይረግጣል። «በቃ፣ በቃ!» ከዚያ ራሱን ነቅንቆ «ቴስታታ ነው» ይላል። ድምፁ የመጣው ከላላ ፓራውልት ቢሆንም ብይኑ ያው ነው። ፍርድ እንዳናጓድል፣ የዚህ ሞተር ቴስታታ ሙቀት ሲበዛበት መሰንጠቅ ይወዳል። ስለዚህ ሰሚው ዛሬ ባይሳካለትም አንድ ቀን ልክ መሆኑ አይቀርም።

ባለታሪኩ። በደርግ ጊዜ የፕሮጀክት ሾፌር ነበር። ይህንኑ ሞዴል ይዞ ከጎሃ ጽዮን የዓባይን በረሃ ወርዶ ደጀን እስኪወጣ ራዲያተሩ ላይ ጠብታ ውሃ አልጨመረም። ምክር አይሰጥም፤ መኪናውን እያየ ያዝናል። ማዘኑ ግን በጉባኤው ዘንድ እንደ ሥራ ይቆጠርለታል።

የዕቃ ሰው። መርካቶ ሶማሌ ተራ «ወንድሜ» የሚለው ነጋዴ አለው። በእርሱ አስተምህሮ ከሌላ መኪና የወጣ ኦሪጅናል ከካርቶን ከወጣ አዲስ ታይዋን ይበልጣል፤ ቻይና ደግሞ በስብሰባው ላይ ስሙ ባይነሳ ይመረጣል። የኦሪጅናልነት ማረጋገጫው ጽሑፍ አይደለም፤ ኩሽኔታውን መዳፉ ላይ መዘን መዘን አድርጎ ዝም ማለት ነው።

መብራት ያዡ። የስልኩን መብራት የሚያበራው መካኒኩ በሚሠራበት ላይ ሳይሆን ራሱ ማየት በፈለገው ላይ ነው።

ግኝት ሁለት፦ የጭስ አንድምታ

ጉባኤው ጭስን የሚተረጉመው በጥንቱ ሥርዓት ነው። ጥቁር ጭስ ጨሰ፦ አንድም አየር አጥሮታል፣ ፊልትሮው ተደፍኗል ሲል ነው። አንድም ናፍጣ በዝቶበታል፣ ኖዝሉ ያንጠባጥባል ሲል ነው። አንድም ከተማዪቱ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናትና አየሩ ስስ ነው፣ መኪናው ምን ያድርግ ሲል ነው። ነጭ ጭስ ጨሰ፦ አንድም ሞተሩ ገና አልሞቀም ሲል ነው። አንድም ቴስታታው ተሰንጥቆ ውሃ ወደ ውስጥ ገብቷል ሲል ነው፤ እዚህ ላይ ሰሚው ዙሪያውን ይመለከታል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየነደደ ነው ማለት ነው። ይህ አንድም የለውም፤ ባለመኪናው ኪሱን ይዳብሳል።

ግኝት ሦስት፦ ስለ መፍትሔ

በጥናቱ ወቅት ረጅሙ ክርክር ያበቃው አንድ የጋራዥ ልጅ፣ ሲከራከሩ ቃል ሳይተነፍስ ቆይቶ፣ ናፍጣ ፊልትሮው ላይ ያለችውን የእጅ ፖምፓ ደጋግሞ በመጫን ነው። መስመሩ አየር ስቦ ኖሯል፤ አየሩ ወጣ፣ ሞተሩ ተነሳ። ወዲያው ሁሉም አባል ከመጀመሪያው «አየር ነው» ብሎ እንደነበር አስታወሰ። ለልጁ የእጅ ዋጋ ተከፈለው፤ ለጉባኤው ምሳ ተገዛ። ከሁለቱ የሚበልጠው ምሳው ነው።

ትንታኔ

መኪናው ያለ እንከን በሠራበት ጊዜ ማንም አልመጣም፤ የባለመኪናው ስልክም አልጮኸም። አጥኚው ከዚህ የሚደርስበት ድምዳሜ ብልሽቱ የመኪናው ጉድለት ሳይሆን የጉባኤው መዋጮ መሆኑን ነው። ባለሊብሬው ነዳጅ ቀጂ፣ ቦሎ አስለጣፊና ምሳ ጋባዥ ነው እንጂ ባለቤት አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉም ጉባኤውን ሁለት ቦታ ከፍሎታል፦ ከፊሉ የአሮጌው ዋጋ ይወደዳል ብሎ ተጽናንቷል፤ ሰሚው ግን ድምፅ የሌለው ሞተር ሊመጣ ነው መባሉን ከሰማ ወዲህ ምግብ አይበላለትም።

ማጠቃለያ

ግኝቱን ለማረጋገጥ አጥኚው መኪናውን ለሽያጭ አቀረበ። ገዢው ብቻውን አልመጣም፤ የራሱን ሰሚ፣ የራሱን ባለታሪክና የራሱን የዕቃ ሰው አስከትሎ መጣ። ሁለቱ ጉባኤዎች በአንድ ኮፈን ላይ አጎነበሱ። ሰሚዎቹ ቴስታታ ስለመሆኑ ሳይነጋገሩ ተስማሙ። ባለታሪኮቹ የዓባይን በረሃ በአንድ ዘመን ሲወርዱ መክረማቸውን ደረሱበት። ስልክ ተለዋወጡ፤ ለእሑድም ተቀጣጠሩ። ሻጭና ገዢ ስለ ዋጋ የሚነጋገሩበት አጀንዳ ግን እስካሁን አልተያዘላቸውም።